ሁለት ሳህን

ከዶሮ ማነቂያ በላይ፣ ደረጃው ከሚንቋቋ ቤት፣
ወንድሜ አጥላባቸው፣ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት
መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ ታክሲ ሲቆጥር ውሎ
ማታ ይነግረኛል፣ «ዛሬም አልፈዋል» ብሎ።
እነማን? አልለውም። ድሮ እል ነበር፣
ከድምፆቹ ጋራ፣ እኔም እንደ አንዷ ድምፅ ስከራከር።

የማዘጋጃ ቤቱን ካርታ ይነድፍ የነበረ እጅ
ዛሬ የቁልፉን ቀዳዳ ይስታል፣ ከገዛ ቤቱ ደጅ።
ጎረቤት «ታሟል» አይልም፤ «ነክቶታል» ይላል፤
አጎቴ «ብዙ ማንበቡ ነው» ብሎ ይደመድማል።
እጮኛው ምንም አላለችም፤
ቀለበቱን በፖስታ አድርጋ ላከች፤ አልፈረድኩባትም።

እናታችን ሌሊት ተነሥታ፣ ጋቢ ደርባበት፣
ሽንቁሩ ሚካኤል ወሰደችው፤ ሁለት ሱባዔ ያዙበት።
አንዱ፣ «ጠበልና ኪኒን አይስማሙም» ቢላት
ከረጢቱን እዚያው ጥላ መጣች፤ እኔም ምን ልበላት?
በወሩ መስኮቱን በጋዜጣ ሸፈነ፤
እንቅልፍ ከቤታችን ወጥቶ የጎረቤት ሆነ።

እኔ ደግሞ፣ ይኸን ለማንም አልተነፈስኩ፣
ኪኒኑን በማንኪያ ጀርባ ፈጭቼ ሽሮው ላይ ነሰነስኩ።
ተኛ። ጢሙን ተላጨ። ሰው «ጸሎቷ ሰመረ» አለ፤
እኔም «አሜን» አልኩ፣ ጣቴ ላይ ነጩ ዱቄት እያለ።

ከአንድ ትሪ መብላት ከተወ ሰንብቷልና
ሁለት ሳህን ነው የምናቀርበው። አንድ ማክሰኞ፣ መብራት ጠፋና
በሻማ ተቀምጠን፣ «ምግቤ ውስጥ ይጨምራሉ» አለኝ።
ዓመታት «ሕመሙ ነው» ስል የኖርኩት፣ ያን ማታ ጉሮሮዬን አነቀኝ።
ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ፤ የእኔን ወደ እሱ ሳበ፤
«ብዪልኝ እስቲ፣ ጽጌማርያም።»
እጄ አልነሣ አለ። ሻማው ተንጠባጠበ።

ሕመም የፈጠረለትን ያን የሐሰት ክስ
እውነት ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ በማንኪያ፣ ቀስ በቀስ።

«አዎ» አልኩት፣ «እኔ ነኝ።»
ከታች ረዳቱ «ለገሃር! ለገሃር!» ይላል።
ይጮኻል ብዬ ነበር፤ ይሰብራል፤ በሩን ከፍቶ ይሄዳል።
ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣
«እነሱ ይዋሻሉ ትዪኛለሽ፤ አንቺስ?» አለ፣ ሳያየኝ።

«ስውጠው እጄ ይንቀጠቀጣል፤ መስመር አይወጣልኝም፤
እነሱ ሲተኙ እኔም አብሬ እተኛለሁ፤ ማን እንደነቃ አላውቅም።
ይኸን ለሐኪሙ እኔ ልንገረው፣ አንቺ ሳትቀድሚኝ፤
ከዚያ መዳፌ ላይ አኑሪልኝ፤ እያየሁ ልዋጥ። አትደብቂኝ።»

አማኑኤል ሄድን። እኔ ከበራፉ ውጪ ተቀመጥኩ፤
አርባ ደቂቃ ሲያወራ፣ ቃሉ ሳይለይ ድምፁን አዳመጥኩ።
መድኃኒቱ ተቀየረ። እናቴም ጠበሏን አልተወችም፤
ከጆጉ ቀድቶ ኪኒኑን በእሱ ይውጠዋል፤ አልተጣሉም።

ዳነ ልላችሁ አልችልም። መስኮቱ ሥር ነው፤ ይቆጥራል።
አንዳንድ ማታ «ዛሬ አልውጥም» ይላል፤ ግን ይነግረኛል።

ትናንት ሽሮውን እሱ ሠራው። ሳህኑን ገፋ አደረገልኝ።
ቀመስኩ። «ጨው በዝቶበታል» አልኩ።
«እሱንስ» አለ፣ «እኔ ነኝ።»