ዜሮ ለመጻፍ

አሥራ አንድ ወር ሙሉ ዜሮ ነው የጻፍኩት፣
በጊኒ ዎርም አምድ ሥር፣
እርሳሴን በምላስ እያራስኩ ያዞርኩት።
በአሥራ ሁለተኛው፣ ሻሪ ወንዝ ሲጎድል፣
«የነሉምታ ውሻ ያነክሳል» ሲል
የአጥማጁ ልጅ መጣ።

ብስክሌቴን ይዤ በጭቃው ዳር ሄድኩኝ፤
ጎማው ሲሰምጥብኝ ተሸክሜው ወጣሁኝ።
ውሻው ማንጎ ጥላ ሥር ቁስሉን ይልሳል፤
ከእግሩ፣ ከልብስ ጠርዝ እንዳመለጠ ሁሉ፣
አንድ ነጭ ክር ወጥቷል።

«ስሙ ማነው?» አልኳት፤ ቅጹ ይጠይቃል።
«ያውሩ ተዋቸው» አለች። ጻፍኩት።
(ጎረቤት እንዲሰማ ነው እንዲህ የሚጠራው፣
በየማታው፣ ጮክ ተብሎ።)

«ይኸው ሰንሰለቱ፤
እሰሪው፣ ትሉ ወጥቶ እስኪያልቅ፣
ኩሬ እንዳይገባ። የዓሣውንም አንጀት
ቅበሪው አርቀሽ። ለጠቆመ ሰውም
ሽልማት ይሰጣል።»

ዓሣ ትበልት ነበር። ዝም አለች ነሉምታ።
ቢላዋዋን ጠርጋ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣
ከቁርጭምጭሚቷ ሽቅብ እስከ ጉልበቷ
ሰባት ጠባሳ አሳየችኝ። «ቁጠር» አለች።

«ይኼኛው በወጣ ዓመት ማሽላ አልዘራንም።
እናቴም፣ ወንድሜም፣ እኔም ተኝተናል፤
እንጨት ላይ ጠቅልለን፣ በቀን አንድ ጣት ያህል፣
ቀስ፣ ቀስ፤ ከቸኮልክበት ይበጠሳል፣
ተመልሶ ገብቶ ሥጋ ውስጥ ይገማል።
ያኔ ሰንሰለት ይዞ አንድም ሰው አልመጣ፣
ወይ መዝገብ፣ ወይ ሽልማት።
ዛሬ ለውሻዬ ነው ይኼ ሁሉ ጣጣ!
ደግሞስ እሱ ታስሮ፣ ማሳዬን ከጦጣ
ማን ይጠብቅልኛል? አንተ?»

መልስ አልነበረኝም።
ቢሆንም አሰረችው።

ሌሊቱን አለቀሰ፤ መንደሩ አልተኛም።
ሲነጋ፣ ከማንጎው ሥር ሰንሰለቱ ባዶ።
ዱካውን ይዘን ወረድን።
ኩሬው ውስጥ ነው፣ እስከ ደረቱ፣
ቁስሉ በርዶለት፣ ይጠጣል በእርጋታ፤
ሲያየን ጅራቱን ወዘወዘ።
(ትሉ ውኃ ሲነካ
እልፍ ልጁን ይተፋል።)
ማዶ፣ ጀሪካን የያዙ ሴቶች ቆመው
«እንቅዳ? ወይስ እንተው?»

ማታ በኩራዝ ብርሃን መዝገቤን ገለጥኩት።
ለካ የአሥራ ሁለተኛውን ቀድሜ ሞልቼዋለሁ፤
ወሩ ሳይገባደድ፣ ጓጉቼ፣ ክብ አድርጌ።
ላጲሴ አልቋል። በምራቅ፣ በጣቴ ፈተግሁት፤
ወረቀቱ ሳሳ፣
ሳሳና ተበሳ፤
ክብ ቀዳዳ ሆነ፤
በቀዳዳው ወዲያ የመጪው ዓመት ገጽ
ባዶ አምዱን ዘርግቶ
ያየኛል።