የጠርዝ ጥማት

ፊቱ ምን ቸገረ፤ ፊት ሁልጊዜ ገር ነው፣
ቀለም በነካ እራፊ አንዴ ስዳብሰው
ቡኒውን ተቀብሎ ዝም ብሎ ይደርቃል።
ጠርዙ ግን፣ ጠርዙ ግን፣ የሰው ልብ ያደርቃል።

ኮምፔንሳቶ ነው፤ በርች። ከጎኑ ሲቆጠር
አሥራ ሦስት ገጽ አለው፣ እንደ ተከደነ ደብተር፤
ሰባቱ በቁመት፣ ስድስቱ በአግድም ናቸው፤
ኮላ ነው በግድ ያስታረቃቸው።

ሰባቱ የጠገቡ ናቸው፤ ቀለም ቢቀርብላቸው
ከንፈር አርጥበው «ይበቃል» ነው ቃላቸው።
ስድስቱ አፋቸውን ወደ ውጭ ከፍተው፣
እልፍ ሸምበቆ ናቸው፣ አይረኩም ጠጥተው።
ዛፉ የወደቀ ዕለት ማንም አልነገራቸውም፤
ከሥር ውሃ ይመጣል ብለው ይጠብቃሉ ዛሬም።

የራውሃ ቲሊካይነን መደርደሪያ ነው። ሳቮንሊና፣ የካቲት፣
ሐይቁ ላይ መኪና የሚነዳበት።
«የእናቴን ቁምሳጥን ይምሰል፣ ጥቁር ቡኒ» ብላ
ያረጀ ፎቶ ትታልኝ ሄደች ቀብድ ከፍላ።

አንዴ ቀባሁ። ጠርዙ የእስረኛ ልብስ መሰለ፣
መስመር በመስመር፣ ግማሹ ነጣ፣ ግማሹ ከሰለ።
ብርጭቆ ወረቀት አነሣሁ፤ መቶ ሃያ፣ መቶ ሰማንያ፤
ፋቅሁ፣ ቀባሁ፣ ጠቆረ። ፋቅሁ፣ ቀባሁ።
በሦስተኛው ማታ ሰለቸኝ፣ አወጣሁ ካውያ።
ጥቅል ልጥፍ ገዝቼ ነበር፣ ስስ የእንጨት ሪባን፣
ሙቀት ሲነካው የሚጣበቅ፣ ነውር የሚሸፍን።

ካውያው ሲግል ኮላው ሸተተ፤
ያው ሽታ አይደለም፣ ግን ዘመዱ ነው፤
አባቴ ገባ።
ኦይቫ፣ ከሌሊት ፈረቃ፣ ጣቱ ላይ የደረቀ ቅርፊት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ገጽ ከገጽ ሲያጣብቅ
ከቤቱ ሰው ጋር አንድ ቀን ሳይጣበቅ።

እሑድ እሑድ ግን ከጓሮ ወንበር ይሠራ ነበር።
ኮላውን በውሃ አቅጥኖ፣ እንደ አጓት አድርጎ፣
ጠርዙን በብሩሽ ያጠጣዋል፣ በዝግታ፣ ጥጃ እንደሚያጠጣ ሰው።
«አየሽ ሂልያ፣ የጠማው ያገኘውን ነው የሚጠጣ።
መጀመሪያ አርኪው። ቀለሙ ኋላ ይምጣ።»
ይህን ያለኝ ሰውዬ
ሲመሽ ሳውናው ደጃፍ ላይ ጠርሙስ ይዞ ይቀመጥ ነበር።
ቀድሞ ያረካው አልነበረም።
ስንት ገጹ ወደ ውጭ እንደተከፈተ
እኛም ከጎኑ ሆነን አልቆጠርንም።

ካውያውን ነቀልኩት።
አንድ እጅ ኮላ፣ አምስት እጅ ውሃ። አጠጣሁ። አደረ።
ጠዋት በለስላሳው ወረቀት ዳበስ፤ ከዚያ ቀለም።
ጠርዙና ፊቱ እህትና ወንድም መሰሉ፤
መንታ አይደሉም፣ ግን አይካካዱም።

ራውሃ መጣች። ፊቱን አላየችውም።
ጓንቷን አውልቃ በጠርዙ ላይ ጣቷን ሰደደች፣
ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ አሥራ ሦስት ላይ ቆመች።
«ሃያ ሁለት ዓመት ዘርግቼዋለሁ» አለች፣ «ሉህ በሉህ፤
ይቺ አራተኛዋ ተደርባለች። የሰነፍ ሥራ።»
አባቴን ታውቀው እንደሆነ አልጠየቅሁም።
«በግድግዳው በኩል ያለውን ጠርዝ ግን ተዪው፤ እንዳትቀቢው።»
«ማን ያየዋል?» አልኩ።
ጓንቷን አጠለቀች።

ቫርኒሽ ብቻ ነካሁት።
ነጭ ነው፣ ከነመስመሩ፣ ከነተደረበችው፤
መደርደሪያው ከቦታው የተነሣ ቀን
የሚያነሣው ሰው ይቁጠረው።