ሰማያዊ ጥርስ

ኪርያት ጋት፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው በላይ፣
የጆሮ መስሚያ እለካለሁ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ።
ማክሰኞ ከሰዓት እማማ ትርንጎ ከልጃቸው ጋራ
መጡ፤ እሳቸው በቀኝ፣ እሱ በስተግራ፤
መካከላቸው ሄልሜቱን የጫነ አንድ ወንበር፤
ውጭ ሻራብ ያቃጥላል፤ የልጁ ዐይን ስልኩ ላይ ነበር።

ባቄላ የምታህለዋን ከጆሯቸው ኋላ ሰክቼ፣
«ያለ ሽቦ ነው፣ ብሉቱዝ» አልኩ፣ ስልካቸውን ከፍቼ።
«ምን ማለት ነው?»
                    «ሰማያዊ ጥርስ፣ የንጉሥ ቅጽል ስም፤
የዴንማርኩ ሐራልድ፣ ሺህ ዓመት ሞልቶት ገና የማይከስም።
አንዷ ጥርሱ ሞታ ሰማያዊ መስላ ነበር አሉ፤
የተበተኑ ጎሣዎችን ጠርቶ «አንድ ሁኑ» ቢላቸው፣ አንድ ሆነው ዋሉ።
ኋላ ስልክና ኮምፒውተርን ሊያስታርቁ የተነሡ
መሐንዲሶች፣ ለጊዜው ብለው፣ ስሙን ተዋሱ፤
የሚሻል ስም ሲፈለግ ጊዜያዊው ሥር ሰዶ ቀረ፤
ምልክቱን ይዩት፣ የስሙ ሁለት ፊደል፣ በጥንቱ ጽሕፈት የተሳሰረ።»

እማማ ትርንጎ ሣቁ። አፋቸውን ሲከፍቱ
ድዳቸው ሰማያዊ! ንቅሳቱ እንደ ጥንቱ።
«እኔ ነኛ ንጉሡ! ወገራ ላይ፣ በእሾህ፣ በጥላሸት፤
ሦስት ቀን አጓት ብቻ ጠጥቼ፣ እያየሁት አለፈኝ እሸት።
ግን ማንን አንድ አደረግሁ?»
                    ሄልሜቱን አዩት።
ዝም።
«ልጅስ ነበረው?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።
«ነበረው» አልኩ። በአባቱ ላይ ማመፁን ዋጥኩት፤ ምን ሊረባቸው ነው?

«መኹባር ትላለች» አሉ ድንገት፣ «ጆሮዬ ውስጥ የገባችው ሴት፤
ምን ማለቷ ነው?» ልጁ ይናገር ብዬ ዝም አልኩ ለጥቂት።
ኤልያብ ቀና አለ። አማርኛው የዛገ ማጠፊያ ነው፣ ሲከፈት ይጮኻል፤
«ተገናኝቷል» ሊል ፈልጎ፣ ምላሱ ስቶ፣
                    «ተገናኝተናል፣ እማዬ» ይላል።

እሳቸው ጆሯቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፣
ቃሉ እንዳይወጣባቸው፣ እንዳይተን ይመስል፣ ብዙ ቆዩ ሳይከድኑ
ያን ሰማያዊ አፍ።
ስሕተቱን አላረምኩም። ዕቃው ከአሥር ሜትር ወዲያ እምብዛም አይሠራም፤
እነሱ ቅርብ ናቸው። ልጁ ግን ሄልሜቱን ከወንበሩ አላነሣም።