ማሳ

ጋሽ ነዚፍ አባ ዋሪ ሞተራቸውን ገፍተው፣
የጅሬንን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ወርደው፣
ሰኞ ጠዋት መጡ፣ ካፊያው ሳያባራ፤
ቁና ቁና ተነፈሱ ከመሪዋ ጋራ።

«ጉልበቴ ነው» አሉ፣ ቀኙን እየነኩ፣
«እሷስ ደህና ናት፤ እኔ ነኝ የተሰበርኩ።
ባንድ ርግጫ ነበር፣ ቢበዛ በሁለት፣
የወባ መድኃኒት ጭኜ ስወጣባት፤
ሰቃ፣ ሊሙ፣ ጎማ፣ እስከ ዴዶ ድረስ፣
ገብስ እንደ ጠገበች በቅሎ ስትገሰግስ።
ዛሬ ስረግጣት መልሳ ትረግጠኛለች፤
ኅዳር ላይ ሎሚዬን ከቦታው አውጥታለች።
እስቲ አንድ ነገር፣ አውራ ጣት የሚበቃው፣
ግጠምላት ልጄ፣ እንደ ባጃጅ ያለው።»

አይሆንም ማለት ነበረብኝ።
ከእኔ የምትበልጥ ሞተር ናት፤
በስድስት ቮልት ነው ዕድሜዋን የገፋችው፤
የፊት መብራቷ ከኩራዝ አይሻልም።
አይሆንም አላልኩም።

ከተገለበጠ ባጃጅ ሞተሪኖ ገዛሁ፣
መርካቶ፣ ከነአቧራው፣ ከነደላላው።
ዲናሞዋን አስጠመጠምኩ፣ አምፖሎቿን ለወጥኩ፤
ከረዳቴ ከኢብሳ ጋር
የአልጋ ብረት ቆርጠን መቀመጫ በየድን፣
ጥርስ ከጥርስ እስኪገጥም ሦስቴ አፍርሰን ሠራን፤
ሲቀርብ ይነክሳል፣ ይጮኻል፣
ሲርቅ በባዶ ዞሮ ለራሱ ያፏጫል።

ከዚያ፣ ማንም ሳያዘኝ፣
ሻሲዋን ፈግፍጌ ቀለም ቀባኋት፤
አረንጓዴ፣ ወጣት ሳለች እንደነበረችው።
ሦስት እጅ። በላዩ ቫርኒሽ።
ኢብሳ ፎቶ አነሳት።

ሐሙስ ተጫነች።
ጠቅ።
እንደገና።
ጠቅ።

ባትሪውን ለካሁ፤ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት።
የሪሌውን ሁለት ራስ በካቻቢቴ አገናኘሁ፤
ብልጭ አለ፣ ሽታው አፍንጫዬ ላይ ቀረ፣
ሌላ ነገር የለም።
ካርቦኖቹን አወጣሁ፤ ገና ናቸው።
ሞተሪኖውን ፈትቼ፣ መሬት ላይ በጫማዬ ረግጬ
በሁለት ገመድ ከባትሪው ነካሁት፤
እንደ ታሰረ ጥጃ ዘለለ።
መሬት ላይ ጤነኛ፣ ቦታው ላይ በሽተኛ!
አስሬው ሞከርኩ። ጠቅ።
የዚያን ሌሊት እንቅልፌም ጠቅ ይል ነበር።

ዓርብ፣ ኢብሳ ከጁምዓ ተመልሶ፣
ሳይቀመጥ፣ አንድ ቁራጭ ገመድ አንስቶ
ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሪኖው ገላ ዘረጋ።
ተጫነ። ዞረ!
«ማሳ የለውም» አለኝ፣ እጁን እየጠረገ።

ማሳ የለውም።
ሃያ ዓመት ሙሉ ስጠራው ቃሉን፣
አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ፍቺውን።
የሚሄድበትን ወፍራም ገመድ ሰጥቼ፣
የሚመለስበትን ዘጋሁት ቀብቼ።
ገበሬስ ቢሆን ሞፈር ቢያማርጥ፣ በሬ ቢጠምድ፣
ማሳ ከሌለው ወዴት ይሂድ?

አባቴ ሰቃ ላይ ማሳውን ሸጦ ከተማ ገባ።
ሙሉ ልብስ አሰፋ።
የቤታችን በር ላይ ተቀመጠ፣
ጠዋት ብድግ ሊል ይልና፣
የት እንደሚሄድ ይጠፋውና፣
ይቀመጣል።
ልብሱ ያምርበት ነበር።

ብርጭቆ ወረቀት አንስቼ ፋቅኩት፤
አንድ ሳንቲም የሚያህል፣ ቡሎኑ የሚያርፍበትን ብቻ፣
ብረቱ እስኪነጣ።

ቅዳሜ ጋሽ ነዚፍ መጡ።
አረንጓዴውን አዩ፣ ምንም አላሉም።
አውራ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ተነሳች።
አጠፏት። አስነሷት። አጠፏት።
«ምንም አልጠየቀችኝም እኮ» አሉ፣
ቅር ያላቸው ይመስል።

ሂሳቡን ቆጥረው ሰጡኝና፣
«መርገጫውን ግን እንዳትነቅለው።»
አልነቀልኩትም።

ወደ አዌቱ ድልድይ ሊሄዱ ሲሉ በር ላይ ቆሜ አየሁ፤
ቀኝ እግራቸው ሳያስቡት ብድግ አለች፣
ባዶ አየር ረገጠች፣
ከዚያ ነው ጣታቸው የተጫነው።