ወደቀ፤ ወደዱት

በሳማር ደሴት ዳር፣ ጀልባ ከሚታሰርበት፣
ከእንጨቱ መረማመጃ ሰባተኛው ሳንቃ ላልቶበት፣
አባቴ ክሪሳንቶ፣ ሙሉ ቅርጫት ተሸክሞ፣
አንድ እግሩን አነሣ፤ ሌላው ቀረ ቆሞ፤
ከዚያ ሁለቱም የሉም።

ቅርጫቱ ወደ ሰማይ፣ እሱ ወደ ጭቃ፤
አንዲት ሰርዲን ቀረች ባንገትጌው ተወሽቃ።

እኔ የምቀርጸው ጀምበሯን ነበር፤
እሱ መሃል ገባ፣ ሳይጠራ፣ እንደ ነገር።
ተነሣ። ግራ ቀኝ አየ፤ ሰው አለመኖሩን አይቶ፣
ሰርዲኗን ኪሱ ከተታት ካንገቱ አውጥቶ።
ምን ያድርግ፣ እራት ናት።

ማታ ለቀቅኩትና ተኛሁ፣ ሳላስብበት፤
ስነቃ ሦስት ሚሊዮን ሰው አባቴን ስቆበት፣
ከማላውቀው አገር፣ በማላነበው ፊደል፣
ቀይ ልብ ተከምሮ እንደ ሸርጣን እንቁላል።
ወደቀ፤ ወደዱት።
በአንዲት ፊደል ብቻ ነው የሚራራቁት።

በወሩ ገንዘብ መጣ።
እናቴ ሉዝቪሚንዳ ቆጠረችው፣ ደግማ ቆጠረችው፤
«የምን ነው?» አለች፣ ድምጿን እንደ ሐሜት ዝቅ አድርጋ።
«አባዬ የወደቀበት።»
የአራት ወር ዓሣ ዋጋ፣ ያለ መረብ፣ ያለ ናፍጣ፣
በአንድ መንሸራተት፣ ያውም ሳይታሰብ የመጣ።

ከዚያማ ምኑ ይነገራል!
ጣሪያው ተለወጠ፣ ዝናብ በሳህን መቀበል ቀረ፤
የወንድሜ የጆቬን ዕዳ ከኮሌጁ መዝገብ ተፋቀ፤
አባቴ በሳምንት ሦስቴ፣ በሰዓቱ ወደቀ።
ማክሰኞ ከሳንቃው፣ ሐሙስ ከመሰላል፣
ቅዳሜ ከጎሽ ጀርባ፤ ቅዳሜ ተመልካች ይበዛል።

«አባዬ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ብርሃኑ በዚያ ነው።»
«እሺ ልጄ።»
«ፊትህ አስቀድሞ አይወቅ፤ እንደ መጀመሪያው ቀን ሁን።»
ሰው እንዴት አድርጎ ያላወቀውን ቀን አውቆ ይሆናል?
ሆነ። አርባ ዓመት ሙሉ በማዕበል ላይ የቆመ፣
ሚዛኑን መጣል ተማረ፣ እየደጋገመ።

ለቅርጫቱ መሙያ ዓሣ ከኦሬልዮ ይገዛል፤
ኦሬልዮ ብሩን ሲቀበል ባሕር ባሕሩን ያያል።
ጀልባችን ቀለም ተቀባች፣ ሰማያዊና ቢጫ፣
ከኋላ ቆማ ለማማር፣ ለመታየት ብቻ።
መረቡ ውስጥ ድመት ወለደች።

አንዱ ጻፈ፦ «ሽማግሌው አሁንስ ያስመስላል።»
ሌላው፦ «ከፍ ካለ ይውደቅ፣ እንከፍላለን።»
ይህን አላነበብኩለትም።
በማግስቱ ግን መሰላሉን
አንድ ደረጃ ጨመርኩለት።

ትናንት ሌሊት ውሃ ጠምቶኝ ተነሣሁ። ጨረቃ ሞልታለች።
በመስኮት አየሁት፤ ብቻውን፣ ባዶ እጁን፣
ወደ ጀልባዋ ይሄዳል፤ ገመዷን ሊነካ ይሆን፣
ወይ ጨዉን ሊያሸት፣ አላውቅም።
ሰባተኛው ሳንቃ።
(አልጠገንነውም። እንጀራችን ነው።)

ወደቀ።
እጁ እንኳን አልተወራጨ። በጎኑ፣ አጭር፣ አስቀያሚ፣
ያለ አጃቢ፣ ያለ ሰሚ።
ብዙ ቆየ። ተነሣ።
ግራ ቀኝ አየ፣ ልክ ያኔ እንዳየው።

ስልኩ በእጄ ነበር፤ ባትሪው ሙሉ፣
ብርሃኑ ካሰብኩት ሁሉ የተሻለ።
ያን ሌሊት የለቀቅኩት
መጋረጃውን ብቻ ነው።

ጠዋት እያነከሰ ለቁርስ መጣ።
«ምን ሆንክ?» አልኩት።
«ምንም» አለኝና ኪሱን ዳበሰ፣
አንዲት ሰርዲን እንዳለችው።