የደንገል ዘመድ

ማናዬ ታንኳ ላይ ሦስት ቀን ተንቀጥቅጦ፣
መጣ ወደ ሽምብጥ በባጃጅ ተቀምጦ።
ጣቱን ወጋሁና ደሙን በመስታወት
ቀባሁት፣ አደረቅኩት፣ ቀለም አፈሰስኩበት።
አጎንብሼ ሳየው፣ በቀይ ሴሉ መሐል
ባለ ፈርጥ ቀለበት ተሰክቶ ይታያል።
ማን ነው ይህን ደም ያጨው?

አባቴ፣ የዘጌው ጸሐፊ፣ እጁ ስቶ
መስመር ከደገመ ይፍቅ ነበር በካራ፤
ፍጥረት ግን አትፍቅም፤
አንዱ ቅጂ ቢውል ከጥንቱ ሥራ ጋራ፣
ትርፉ ሥራ ፈትቶ ይባዝናል፣ ይስታል፣
ሺህ ጊዜ ሺህ ዓመት ቆይቶ
ያልተላከበትን ጉዳይ ያደርሳል።

እንዲህ ነው ካይኔዝም፤ ፎስፌት ለጣፊ፣
በሴል ውስጥ የሚሮጥ መልእክት አሳላፊ፤
ያተመበት ሁሉ ከእንቅልፉ ይነቃል።
የወባዋ ማኅተም ግን የእኛን አይመስልም፤
ካልሲየም ሲጠራው የሚነሣው ሎሌ
በእኔም፣ በማናዬም፣ በሰው ዘር የለም።
ደንገሉ ግን አለው።
እምቦጩም አለው።

ቅድመ አያቷ ለካ ከፀሐይ የምትበላ፣
አልጌ ውጣ ያደረች፣ ውሃ ላይ ተንጣላ፤
ዛሬ ፀሐይ በማያውቀው በሰው ደም ሥር
ያው ሎሌ ነው የሚሰብርላት የሴሉን በር።

"ምን አገኘሽ?" አለኝ።
"ወባ ነው" አልኩት፤ ወረቀቱን ሰጠሁት።
ታንኳህ የታሰረው ከዘመዷ ነው፣ አላልኩትም።
እሱም አልጠየቀኝ፤
በመስኮቱ ሐይቁን እያየ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣
"ደንገሉ ውሃ ጠጥቷል" አለ፣
"ነገ ፀሐይ ላይ ላወጣው ነው።"