እጁን የሰጠ በያጅ

ከመርከቡ ሆድ ዕቃ ሲወጣ በማታ፣
ጓንቱን ሳያወልቅ፣ የጫማውን ክር ሳይፈታ፣
ፒዮ ቹንሺክ ገባ ከማታው ክፍል፣
በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ተማሪ ሊባል።
ወንበሩ ጠበበው፣
ጉልበቱን ጠረጴዛው መታው።

መምህርቷ ናምጉንግ ሶል፣ የልጁ እኩያ፣
ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ "ከማሽን ጋር መግባቢያ።"
ከግድግዳው ላይ የመንግሥት ወረቀት ተለጥፏል፤
"ለነገ የሠለጠነ እጅ ሀገሩን ያሻግራል።"
ነገ ግን አልጠበቀም፤ ዛሬ ጠዋት መጥቶ፣
በኮጄ ደሴት ቆሟል፣ ብርቱካን ቀለም ተቀብቶ፤
ባለ አንድ ክንድ ሠራተኛ፣
ምሳ የማይጠይቅ፣ ወገቡን የማያመው፣ ሌሊት የማይተኛ።

"ይቅርታ አባባ" አለችው፣ ጎንበስ ብላ እንደ ልጅ፣
"ማሽኑ የሚማረው ከርስዎ ነው፣ ከእጅ።"
በሽቦ የተተበተበ ጓንት አጠለቀችለት፤
"እንደ ወትሮው ይበይዱ፣ ምንም አይጨምሩበት።"

በየደ።
እሳቱ እንደ ወትሮው ነደደ።
ክንዱ ሲዘገይ ስክሪኑም ዘገየ፤
ትንፋሹን ሲይዝ፣ ማሽኑ ያንንም አየ።
ክሬን የመታው ግራ ትከሻው ዘንበል የሚልባትን ስብራት፣
ማሽኑ ጥበብ መስሎት ቆጠራት።

በማግሥቱ ከምሳ አዳራሽ ሹክሹክታ ተሰማ፤
"ቹንሺክ እጁን ሰጠ!"
እውነት ነው፣ ሰጠማ።
ግን የሰጠውን እጅ፣ ፊደል በፊደል፣ ማንበብ ጀመረ፤
ሦስት ወር ሙሉ ከቁጥር ጋር ሲታገል አደረ።

በኅዳር ብርድ ማሽኑ የበየደው ተሰነጠቀ።
መሐንዲሱ ጠየቀ፣ የመሐንዲሱ አለቃ ጠየቀ፣
ምክንያቱ ራቀ።
ቹንሺክ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ሰቅሎ፣
በሌባ ጣቱ መስመር በመስመር ተከትሎ፣
አንድ ቁጥር ላይ ሲደርስ ጣቱ ተመለሰ፤
ሳቀና ትከሻውን ዳሰሰ።
"ይቺማ የኔ ናት፣ ክሬን የመታኝ ለታ የገባች፤
ለኔ መደገፊያ ነበረች፣ ለብረቱ ስንጥቅ ሆነች።"
ደመሰሳት።
የሃያ ዓመት ሕመሙን፣ ባንድ ጣት።

ዛሬ አሥራ ሁለት በያጅ ይቆምበት የነበረው ቦታ፣
ቹንሺክና ክንዱ ብቻ ናቸው፣ ከጠዋት እስከ ማታ።
"ፊደል በስተርጅና!" ብሎ ስቆ የሄደው ኩክ ማንሆ፣
ወደቡ ዳር ዓሣ ይመዝናል።
ሲተላለፉ ሰላም ይባባላሉ፤
ስለ ሥራ አያወሩም።

አንድ ሌሊት፣ ፋብሪካው መብራቱን ሲያጠፋ፣
ያ ክንድ በጨለማ የሱን ትንፋሽ ሲይዝ፣ ሲተፋ፣
ቹንሺክ ከአልጋው ላይ፣ ደብተሩን ደረቱ ላይ ደፍቶ፣
ነገ ፈተና አለው፣
ቀኝ እጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ፣
"አንተ፣ የት ነህ?" አለው።